ሰዓቱ የጠፋበት ሰርቨር

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ሲታገዱ «ቪፒኤን» የኮምፒውተር ሱቅ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ሻይ ቤት ገባ። እገዳው እስከ ሐምሌ ዘለቀ። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጭራሹን ተቋረጠ። ያኔ ላሊበላ ላይ አምስት ቪፒኤን የጫነውም ያልጫነውም እኩል ሆነ፤ ቪፒኤን የታገደ ገጽ ያስከፍታል እንጂ የሌለ ኔትወርክ አያመጣም።

ቤት ውስጥ የሚተከል የቪፒኤን ሰርቨር ነገሩ ሌላ ነው። ላሊበላ የተቀመጠ ሰርቨር መውጫው እዚያው ላሊበላ ስለሆነ አገር ውስጥ የታገደውን እሱም አያልፈውም። ጥቅሙ ከሩቅ ሆኖ ቤት መግባት ማስቻሉ ነው። እንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ፣ የእንግዶቹን መዝገብ ከቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል፤ በሆቴል ዋይፋይም ቢሆን መረጃው ተመስጥሮ ይሄዳል። እገዳ ማለፍ የፈለገማ ሰርቨሩን ዋሽንግተን ያለ ዘመዱ ቤት ያስቀምጥ።

ሶፍትዌሩ ብዙ አያደክምም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሊኑክስ ከርነል 5.6 ጋር የተካተተው ዋይርጋርድ ጥንድ ቁልፍና ጥቂት መስመር ኮንፊግ ይበቃዋል፤ ከዚያ ራውተሩ ላይ ዩዲፒ ፖርት 51820ን ወደ ሰርቨሩ ማስተላለፍ ነው። ልምድ ያለው ሰው ግን አስቀድሞ አንድ ቁጥር ያያል። የራውተሩ የውጭ አይፒ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። እንዲህ ከሆነ ራውተሩ ላይ የቱንም ያህል ፖርት ቢከፈት ከውጭ የመጣ ጥሪ ደጃፍ አይደርስም። መላው ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ነው፤ ካልተገኘ ሌላ ቦታ ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ የቤቱ ማሽን ራሱ ወደዚያ እንዲደውል ማድረግ። መስመሩ እንዳይዘጋበት በየ25 ሴኮንዱ አጭር ምልክት እንዲልክ ይታዘዛል።

ላሊበላ ያለችበት የላስታ ዋናው ፈተና መብራት ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሰሞን፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ላሊበላ ለወራት ያለ መብራት ኖራለች፤ በደጉ ጊዜም ቢሆን መብራት ሄዶ መምጣቱ ብርቅ አይደለም። ብዙዎች የሚመርጡት ትንሹ ኮምፒውተር ራስበሪ ፓይ ሜሞሪ ካርዱ እንዳይበላሽ ትንሽ ዩፒኤስ እንደሚፈልግ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው የሰዓቱን ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች ባለባትሪ ሰዓት የላቸውም፤ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ጊዜውን ከኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ ያለፈ ሰዓት ይዞ ይነሳል። የቤቱ ማሽን ራሱ ወደ ውጭ የሚደውል ከሆነ ደግሞ፣ ዋይርጋርድ ግንኙነት ሲጀምር የሰዓት ምልክት አብሮ ይልካል። ተቀባዩ ቀድሞ ካየው የቆየ ምልክት ከመጣለት፣ አንድ ሰው የድሮ መልእክት ቀድቶ እየደገመ ነው ብሎ ዝም ይላል። ቁልፉ ትክክል ነው፣ ኮንፊጉ ትክክል ነው፣ ኢንተርኔቱም አለ፤ መገናኘት ግን የለም። ስህተቱንም የሚናገር ማንም የለም።

ብዙ ጊዜ ሰዓቱ በደቂቃ ውስጥ ራሱን ያስተካክልና ችግሩ ያልፋል። የማሽኑ ትራፊክ በሙሉ በቪፒኤኑ እንዲያልፍ ከታዘዘ ግን አያልፍም፦ ሰዓቱን ለማስተካከል ቪፒኤኑ መነሳት አለበት፣ ቪፒኤኑ እንዲነሳ ደግሞ ሰዓቱ። ባለባትሪ የሰዓት ሞጁል መግጠም፣ ወይም የሰዓት ጥያቄው ከቪፒኤኑ ውጭ እንዲሄድ መተው ይህን ይፈታል።

የቤቱን ኔትወርክ አድራሻ 192.168.1 ላይ መተውም ጣጣ አለው፤ ያረፉበት ሆቴል ያንኑ ከተጠቀመ ሁለቱ ይጋጫሉ። የግል ቁልፍ በቴሌግራም አይላክም። ሙከራውም በቤት ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ይሁን።

ለገና እንግዳ ሳይጎርፍ፣ ኅዳር ላይ፣ ዩፒኤሱን ነቅለው መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉና ከሰዓታት በኋላ ይመልሱት። ሰርቨሩ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ከተገናኘ፣ ያኔ ቤቱን ቆልፈው መሄድ ይችላሉ።