ከማጽናናት በፊት መጠየቅ

የሰውን ጭንቀት በስልክ የማድመጥ ሥራ ከባዱ ክፍል አፍን መያዝ ነው። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛን ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ፣ ደዋዩ ነገሩን ሳይጨርስ «አይዞህ፣ ያልፋል» ለማለት እንቸኩላለን። ቶሎ የተጽናና ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር በሆዱ እንደያዘ ስልኩን ይዘጋል።

በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ አዘውትሬ የማስበው የሲድኒውን የሜቶዲስት አገልጋይ አለን ዎከርን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሴስኖክ በምትባል የአውስትራሊያ የድንጋይ ከሰል ከተማ ሲያገለግል፣ በስብከት ብቻ አልተወሰነም። የሕዝቡን ኑሮ ጠይቆና አጥንቶ በፈረንጆች 1945 መጽሐፍ አሳተመ። የአገልግሎቱ ሁሉ ቁልፍ ይህ ጠያቂነቱ ይመስለኛል።

በኋላ የሲድኒ ማዕከላዊ ሜቶዲስት ሚሽን ኃላፊ ሳለ፣ ጭንቅ የያዘው አንድ ሰው ደወለለት። ተነጋገሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰውየው ሕይወቱን አጠፋ። ዎከር ሐዘኑን ይዞ አልተቀመጠም፤ በፈረንጆች መጋቢት 1963 «ላይፍላይን» የተባለውን፣ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ የስልክ አገልግሎት ከፈተ። ከሁሉ የማደንቅለት ሥራውን ለቀሳውስት ብቻ አለመተዉን ነው። ተራ ምእመናንን አሠልጥኖ ስልኩ ዘንድ አስቀመጣቸው። ማድመጥ ተሰጥኦ ላለው ብቻ የተተወ ሳይሆን የሚማሩት ሙያ መሆኑን በተግባር አሳየ።

ሙያው ምን ይመስላል? ስልክ ፊት አያሳይም። የሚሰማው ትንፋሽ ነው፤ የድምፅ መሰበር፣ ከጀርባ የሚሰማ የመኪና ጩኸት፣ ረጅም ዝምታ። ዝምታውን ለመሙላት የሚቸኩል አድማጭ ደዋዩ ሊናገር የተዘጋጀበትን ቃል ያስቀርበታል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ሳይሸፋፍኑ መጠየቅ ግድ ነው፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብዙዎች ይህን መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ የሚያስገባ ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። ጥያቄው ደዋዩ ለብቻው የተሸከመውን የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። እንዲህ ስጠይቅ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ እጠነቀቃለሁ፤ ደዋዩ ከእኔ ፍርሃት የተነሣ እውነቱን እንዳይደብቅ።

ዎከር በፈረንጆች 2003 አረፈ። ላይፍላይን ግን ዛሬም ይሠራል።

አንባቢ ሆይ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ከወትሮው ተለይቶ ዝም ካለ፣ ምክሩን አቆየውና ጠይቀው። መልሱ ካስፈራህ ብቻውን አትተወው፤ አብረኸው ወደ ሐኪም ሂድ። አውስትራሊያ ያላችሁ በማንኛውም ሰዓት ለላይፍላይን በ13 11 14 ደውሉ።