«ኮረኮረ» እና አፈታቱ

«ኮረኮረ» የሚለውን ግሥ «ነካካ» ብሎ መፍታት ለመዝገበ ቃላት ተጠቃሚ በቂ አይደለም። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብሬይል የሚያነብ ተማሪ ጣቶቹን በወረቀቱ ላይ ቀለል አድርጎ ያስኬዳል፤ ይሁን እንጂ ይዳስሳል እንጂ አይኮረኩርም። ልዩነቱ ያለው በጣት እንቅስቃሴ ሳይሆን በተነኪው ስሜት ላይ ነው።

የግሡም እርባታ ይህንኑ ያስረዳል። «ልጆቹ ተኮራኮሩ» ይባላል፤ «ራሱን ኮረኮረ» ግን ለጆሮ እንግዳ ነው። ሰው ራሱን ሲነካ አንጎሉ ንክኪውን አስቀድሞ ስለሚጠብቀው እንደ ሌላ ሰው እጅ አያስቀውም። ስለዚህ መኮርኮር ሁለተኛ ሰው ይሻል።

በአማርኛ አፉን የፈታ አንባቢ የጎደለውን ከልማዱ ይሞላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ግን በኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱ ብዙ የአማርኛ ተማሪዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ፍቺውን አምኖ «ልጁን ነካካሁት» ቢል፣ ሰሚው የሚረዳው ጨዋታን ሳይሆን ትንኮሳን ነው።

እንግዲህ ከ1993 ዓ.ም. አማርኛ መዝገበ ቃላት በኋላ ለሚዘጋጁት ሥራዎች የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን፦

ኮረኮረ (ተሻጋሪ ግሥ)፦ 1. የሌላን ሰው ብብት፣ ጎን ወይም ውስጥ እግር ለጨዋታ በጣት ጫፍ እየነካካ አሳቀ። 2. (ስለ ጉሮሮ) ሳል ሳል አሰኘ። 3. (በዘይቤ) ስሜትን ቀሰቀሰ፤ «ስሜት ኮርኳሪ ድርሰት» እንዲሉ።