ባዶው የሐውልት መቆሚያ፦ ከስዌዝ ካናል ጉዞ በኋላ የቀረበ ሂስ

ሐያሲ ስለ ሐውልት ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ሐውልቱን ፊት ለፊት እያየ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የምሄሰው በሥፍራው የሌለ ሐውልት ነው። ይኸውም የስዌዝ ካናል ከሜዲትራንያን ባሕር በሚነሣበት በፖርት ሰይድ ከተማ፣ በምዕራባዊው የማዕበል መከላከያ ግንብ ላይ ከ1899 እስከ 1956 ቆሞ የነበረው የፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ሐውልት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚያ የደረስኩት ከረጅም ጉዞ በኋላ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ካይሮ፣ ከካይሮ በሌሊት ባቡር ሉክሶር፣ ከሉክሶር ተመልሼ ካይሮ፣ ከዚያም በእስማኢልያ በኩል ፖርት ሰይድ። ሉክሶርን ያለ ምክንያት አልመረጥኳትም። ሉክሶር የጥንቷ ቴብስ ናት፤ በቨርዲ ኦፔራ በ«አይዳ» ሁለተኛ ገቢር ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች በፈርዖን ፊት የሚቀርቡትም በቴብስ ነው። «አይዳ»ን ለዓመታት ለቲያትር ተማሪዎች አስተምሬዋለሁ። ሳስተምርም ሁለት ነገር እል ነበር። አንደኛ፣ ኦፔራው የተደረሰው ለስዌዝ ካናል ምረቃ ነው፤ ሁለተኛ፣ የአገራችን ስም በዓለም ታላላቅ መድረኮች የተጠራበት ሥራ በመሆኑ ልንኮራበት ይገባል። የመጀመሪያው ስሕተት መሆኑን ከጉዞው በፊት ሳነብ ደረስኩበት። ሁለተኛውን የተጠራጠርኩት ፖርት ሰይድ ላይ ነው።

ካናሉ የተመረቀው ኖቬምበር 17 ቀን 1869 ነው። የካይሮ ኦፔራ ቤት በዚያው ወር መግቢያ የተከፈተው በሌላው የቨርዲ ሥራ፣ በ«ሪጎሌቶ» ነበር። የግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ለመክፈቻው መዝሙር እንዲደርስለት ቨርዲን ቢጠይቀው እሺ አላለም። «አይዳ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው፤ ለዚያውም የመድረክ ቁሳቁሱና አልባሳቱ በፕሩሺያ ጦር በተከበበችው ፓሪስ ውስጥ ተይዘው በመቆየታቸው ዘግይቶ። ሆኖም ስሕተቱ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ቦዩም፣ ኦፔራ ቤቱም፣ ኦፔራውም ግብጽን አውሮፓዊት አድርጎ ለማሳየት ይጓጓ በነበረ በአንድ ገዢ ዘመን የተወለዱ ናቸው።

ቨርዲን በሙያው ልነቅፈው አልደፍርም። የድል ሰልፉን ጥሩምባ ለግብጽ ቢሰጥም የአገር ናፍቆትን ዜማ የሰጠው ለምርኮኛዪቱ ለአይዳ ነው። በሦስተኛው ገቢር በአባይ ዳር ሆና የምታዜመውን የሰማ ሁሉ የደራሲው ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ያውቃል። የተወለደበት የኢጣልያ ምድር ራሱ ለብዙ ዘመን በባዕድ አገዛዝ ሥር የቆየ ነውና የምርኮኛን ኀዘን ከሩቅ የሰማው አልነበረም። ጉድለቱ ሌላ ነው። በዚያ ኦፔራ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ ደንና ሸለቆ ናት። ንጉሥዋ አሞናስሮ እንኳ ማንነቱን ሸሽጎ ከምርኮኞች መካከል ተሰልፎ ይገባል። እኛ የምናውቀው ወግ፣ የምናውቀው ሥርዓት፣ «ይህስ ከእኛው መንደር ነው» የምንለው አንድ ስም እንኳ አይገኝባትም። ታዲያ በምኑ ነበር ተማሪዎቼን ኩሩ የምላቸው?

በእውነተኛዪቱ ኢትዮጵያ የሆነውን ደግሞ ታሪክ መዝግቦታል። «አይዳ» ከታየ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ያው ኦፔራውን ያዘዘው እስማኤል ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ አዘመተ። በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ደግሞ ጉራ ላይ የአጼ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል ነሣው። በዚያው በኖቬምበር 1875 እስማኤል ዕዳው ስለበዛበት የካናሉን አክሲዮኖች በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። አንድ ጸሐፌ ተውኔት እነዚህን ሁለት ድርጊቶች በአንድ ወር ውስጥ ቢያገጣጥም «እጅግ ተጋነነ» ተብሎ ይነቀፍ ነበር።

ወደ ሐውልቱ ልመለስ። የፈረንሳዊው ቀራፂ የኤማኑኤል ፍሬሚዬ ሥራ ነው። ደ ሌሴፕስ በግራ እጁ ካርታ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ቦዩ ዘርግቶ፣ ከባሕር የሚመጣውን መርከብ «ግቡ፣ እለፉ» የሚል መስሎ የቆመ ነበር። በቅርፅነቱ ብልሃት አለው፤ ለመርከብ መንገደኛ ከሩቅ የሚነበብ እንቅስቃሴ ነውና። ነገር ግን የአንድ ሐውልት እንቅስቃሴ ከቆመበት ሥፍራና ከሚያልፍበት ሰው ተለይቶ አይፈረድም። በ1935 በዚያ በተዘረጋው እጅ ሥር ያለፉት የሙሶሊኒን ወታደሮች፣ መድፎችና በቅሎዎች ወደ ምፅዋ የጫኑ መርከቦች ነበሩ። በ1888 በቁስጥንጥንያ የተፈረመው ውል ካናሉ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለማንኛውም አገር መርከብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ሲጥልም ካናሉ አልተዘጋም፤ መርከቦቹ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። እጁም እንደተዘረጋ ነበር።

እዚህ ላይ ራሴንም መውቀስ አለብኝ። ስለዚያ ወረራ የጻፍኩት ተውኔት የሚጀምረው ጠላት ምፅዋ ላይ ሲወርድ ነው። በየት በኩል እንደመጣ፣ ማን በር እንደከፈተለት፣ ማን እንዳስከፈለው አንድ መስመር የለበትም። ጠላትን ከባሕር እንደተተፋ አድርጌ አቀረብኩት። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ እኔም ተደሰትኩ።

ስለ ካናሉ ከተሠራው ሁሉ ለአንድ ጸሐፌ ተውኔት እጅግ የሚያስደንቀው በመድረክ ላይ የተሠራ አይደለም። ጁላይ 26 ቀን 1956 ገማል አብደል ናስር በእስክንድርያ አደባባይ ሲናገሩ የደ ሌሴፕስን ስም ደጋግመው ጠሩ። ስሙ ምልክት ነበር፤ በሬዲዮ ሲሰማ የተዘጋጁት ሰዎች የካናሉን ኩባንያ ቢሮዎች ተረከቡ። ተዋናይ ቃሉን ሰምቶ ወደ መድረክ እንደሚገባ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሐውልቱ በፈንጂ ከመቆሚያው ተነቀለ። ዛሬ በእስማኢልያ የካናሉ ሙዚየም ይገኛል። መቆሚያው ግን በቦታው ነው፤ እኔ በደረስኩበት ማለዳ ሁለት ልጆች ከሥሩ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ባዶ መቆሚያ ከሐውልቱ የበለጠ ሐውልት ያደርገዋል። ንግግሩ ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የአንዱ መነሣት የሌላውን መታሰብ አያስገኝም። ከ1861 እስከ 1864 የግብጽ ገበሬዎች በግዳጅ ከየመንደራቸው ተሰብስበው፣ በአንድ ጊዜ እስከ 20,000 የሚደርሱት በየወሩ እየተፈራረቁ በዶማና በቅርጫት፣ አንዳንዴም በባዶ እጃቸው አፈር ዝቀዋል። የማዕድን ማሽን መሳይ የባሕር መዛቂያዎች በብዛት የመጡት በኋላ ነው። ናስር በዚያው ንግግራቸው የሞቱትን 120,000 ብለዋቸዋል፤ ቁጥሩ የታሪክ ምሁራንን ሲያከራክር ይኖራል። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ካርታ የያዘው ሰው እጁ እንዴት እንደተዘረጋ እናውቃለን፤ ቅርጫት የተሸከመው ሰው ወገቡ እንዴት እንደጎበጠ የሚያሳይ ነሐስ በዚያ ግንብ ላይ አላየሁም። ግብጻዊው ሠዓሊ አብደል ሃዲ ኤል ጋዛር በ1965 የቦዩን ቁፋሮ ርእሱ አድርጎ መሣሉ የጉዳዩን መንገድ ያመለክታል። ለተውኔትም ያው መንገድ ክፍት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከፖርት ሰይድ ወደ ፖርት ፉአድ በጀልባ ተሻገርኩ። መሻገሪያው በነጻ ነው። ከአፍሪካ ወደ እስያ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሠራተኞች ብስክሌታቸውን፣ ሴቶች የገበያ ዘንቢላቸውን ይዘው ይሳፈራሉ፤ አህጉር መለወጣቸው ለማንም ወግ አይደለም። በመካከሉ ኮንቴይነር የደረደረ አንድ ግዙፍ መርከብ ከሰሜን ገባ። ከተማው ጠፋ፤ የሚታየው የመርከቡ ጎን ብቻ ሆነ። ከጎኔ የቆመ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ የጫማውን ክር ያስር ነበር።

የማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የቆየውን ተውኔቴን የመጀመሪያ ገቢር ሰረዝኩ። በምትኩ የጻፍኩት የመድረክ መግለጫ አጭር ነው፦ «የውኃ ዳር። ማለዳ። ቅርጫት የተሸከሙ ሰዎች ይገባሉ። መርከቡ ገና አልመጣም።»