ከመጨረሻው ዙር በፊት ያለው መንገድ

ምሩጽ ይፍጠር ማለት «ማርሽ ቀያሪው» ማለት ነው። ሞስኮ ላይ በ1980 በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ገና ያልተወለደ ልጅ እንኳ ይህን ስም ያውቀዋል። (ካልተገለጸ በቀር፣ እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉ የሾፌር ቃል ነው። መኪናው ማርሽ ሲቀየርለት ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ፣ ምሩጽም ደወሉ ሊደወል ሲል ሌላ ሰው ይሆናል። ስለ ሩጫ ስናወራ አማርኛችን የሚያምርበት ቦታ ይኸው ነው፤ የመጨረሻው ዙር። ተፈተለከ፣ ቆርጦ ወጣ፣ ጥሏቸው ሄደ፣ አሁን ብቻዋን ናት እንላለን። ይህን ቋንቋ በአብዛኛው ያስተማረን ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ የሚጮኸው መጨረሻው ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ማራቶን ላይ ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ የመጨረሻው 400 ሜትር ከዚያ ውስጥ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። የቀረውን በምን ቋንቋ እንናገረው? ይህን ጥያቄ ይዤ ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች የተሠሩ ጥቂት ፊልሞችንና መጻሕፍትን ላንብብ። የማነብበት ቦታ ግን እንጦጦ ወይም በቆጂ ሳይሆን ነገሌ ቦረና ነው፤ ገናሌና ዳዋ መሐል ያለችው ከተማ። ለምን ከዚያ? ስለ ሩጫችን የተጻፈው ሁሉ ከደጋ የተጻፈ ስለሆነና፣ አንድ ታሪክ የት ላይ እንደሚሳሳ የሚታወቀው ታሪኩ ካላስገባው ቦታ ሆነው ሲያዩት ስለሆነ ነው።

ከአበበ ቢቂላ እንጀምር፤ ሌላ መጀመሪያ የለም። ሮም፣ 1960፣ ባዶ እግር፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሁላችንም ስንተርከው ሦስት ነገር እንጠራለን፤ ያልተጫማውን እግር፣ ያኔ ሮም ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት፣ የቆስጠንጢኖስን ቅስት። ሐውልቱ አጠገብ አፈተለከ፣ ቅስቱ ሥር ገባ፣ አለቀ። ታዲያ ከዚያ በፊት ምን ነበር? ከዚያ በፊት ራዲ ነበር። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከአበበ ጎን ለጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ ችቦ ባበራው በአፒያ መንገድ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። የለያያቸው 25 ሰከንድ ገደማ ነው። አበበ እንዲጠብቀው የተነገረው ቁጥር 26ን ነበር፤ ራዲ ግን ሌላ ቁጥር ለብሶ ነው የወጣው። እናም አበበ አጠገቡ ያለው ሰው የሚፈልገው ሰው መሆኑን ሳያውቅ አብሮት ሮጠ። ለእኔ የሮም ማራቶን ትልቁ ታሪክ ይህ ነው፤ በእኛ አተራረክ ግን ራዲ ስም እንኳ የለውም። የመጨረሻው ዙር ቋንቋ ለሁለት ሰው ቦታ የለውማ።

በ2009 የወጣው «አትሌቱ» የተሰኘው ፊልም (ራሰላስ ላቀው እና ዴቪ ፍራንክል የሠሩት) ይህን ወጥመድ ግማሽ ድረስ አምልጦታል። ፊልሙ አበበን ከድሉ በኋላ መሪ ይዞ ሲያሽከረክር ያገኘዋል፤ ወደ 1969ኙ የመኪና አደጋ እየሄደ፣ ሮምን ወደ ኋላ እያሰበ። ድልን ከኋላ አድርጎ መጀመሩ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው «ያሸንፋል ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ያሸነፈ ሰው ምን ይሆናል?» ይሆናል። ሆኖም ሰውዬው አሁንም ብቻውን ነው። መንገዱም፣ መኪናውም፣ ትዝታውም የአንድ ሰው ነው።

አበበን ከሌሎች ጋር ያሳየን ሰው ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ነው። በ1965 የወጣው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልሙ የማራቶን ክፍል አለው። ካሜራው የአበበን ፊት በዝግታ ለረጅም ጊዜ ይከተላል፤ ይህን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። የሚረሳው ግን ኢቺካዋ የውኃ ጠረጴዛዎቹ ጋ መቆሙ ነው። አንዱ ሯጭ እየሮጠ ጠጥቶ ያልፋል፣ አንዱ ቆሞ ይጠጣል፣ ሌላው የቆሰለ እግሩን ያያል፣ ሌላው መቀጠል አቅቶት ይወድቃል። ፊልም ሠሪው እንደ ሬዲዮ ዘጋቢ ወደ አሸናፊው አልተጣደፈም። ማራቶን ማለት አንዱ ሲያሸንፍ ሌሎቹ በየራሳቸው ምክንያት የሚደክሙበት ነገር መሆኑን ያሳየን እሱ ነው።

ውኃ ስል ነገሌ ትዝ ትለኛለች። ነገሌ በታሪክ መጽሐፎቻችን ጎልታ የምትገባው በውኃ ጥያቄ ነው፤ በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የነበሩ ወታደሮች በምግብና በመጠጥ ውኃ ተማርረው አመፁ፣ የካቲት ሲመጣም አገሩ በሙሉ ተነሣ። ቆላ ላይ የማራቶን ሐሳብ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ አየሩ አይደለም፤ «ውኃው ከየት ይመጣል? ማን ይይዝልናል?» ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያልተነሣ ሯጭ 3 ሰዓት ላይ ከፀሐይዋ ጋር ነው ውድድሩ። ይህን ልብ አድርገን ወደ በቆጂ እንሂድ።

«የሯጮች ከተማ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የጄሪ ሮዝዌል ጥናታዊ ፊልም በ2012 ነው የወጣው። በቆጂ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የአርሲ ከተማ ናት፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ የዲባባ እኅትማማቾች የዚያ አካባቢ ልጆች ናቸው። ርእሱን ያነበበ ሰው የሻምፒዮን ፋብሪካ አያለሁ ብሎ ይቀመጣል። የሚያየው ግን አለሚና ሃዊ የተባሉ ሁለት ልጃገረዶችን፣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን፣ ደግሞም ከአንዲት ኪዮስክ ሆኖ ታሪኩን የሚነግረንን ልጅ ነው። ፊልሙ ዓመታት ይከተላቸዋል። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ከቤት ርቀው ክለብ ይገባሉ፣ ክለብ መግባትም መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ፈተና ይሆናል። ወርቅ የለም።

ይህን ፊልም የምወደው ለዚህ ነው፤ የሚሸጥበት ርእስና የሚናገረው ነገር አይገናኙም። ርእሱ «ምሥጢሩ ከተማው ነው» ይላል። ምስሉ ግን ምሥጢር የለም ይላል፤ ያለው በየጠዋቱ የሚመጣ አሠልጣኝ፣ አብሯት የምትሮጥ ጓደኛ እና ለመሮጥ የሚፈቅድ ቤተሰብ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ከፍታ አይጠይቁም። ድክመቱም እዚሁ ነው። ፊልሙ ይህን ካሳየ በኋላ ልጆቹን ራሱ በርእሱ ሚዛን ይለካቸዋል፤ ዋና አትሌት ይሆናሉ ወይስ አይሆኑም እያለ ያስጨንቀናል። ሩጫው ለአለሚ በዚያ ጠዋት ምን እንደሆነ የሚጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ማይክል ክራውሊ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ2020 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ስለ ስስ አየር ነው። ራሱ ጠንካራ የማራቶን ሯጭ ነው፤ አዲስ አበባ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ከክለብ ሯጮች ጋር በሌሊት እየተነሣ ሮጧል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጡት ገጾች ስለ አብሮ መሮጥ የሚያወሩት ናቸው። ጫካ ውስጥ አንዱ ይመራል፣ ሌላው የፊተኛውን እግር እያየ ዛፍ ለዛፍ ይጠማዘዛል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ነው የሚሮጠው፤ መለወጥ የፈለገ ሰው ከሰው ጋር ይሮጣል የሚለውን የሯጮቹን እምነት ክራውሊ በቁም ነገር ይወስደዋል። «ኮንዲሽን» የሚለውን ቃል ሯጮቻችን እንዴት እንደሚጠቀሙበትም ያጠና ሰው ነው፤ የሰውነት አቅም እንደ ገንዘብ የሚቆጠብ፣ ለጓደኛም የሚጋራ ነገር ሆኖ። ማራቶንን ለመግለጽ ከተፈተለከ ይልቅ ኮንዲሽን ይጠቅማል። የመሐሉ ኪሎ ሜትር ቃል ነው።

ግን ይህም መጽሐፍ እንደ በቆጂው ፊልም ርእሱ ከውስጡ ይቀድመዋል። ሽፋኑ ከደመና በላይ ስላለ ጥበብ ይነግረናል። ነገሌ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሞያሌ ከዚያ ዝቅ ትላለች፣ ዶሎ አዶ ደግሞ 200 ሜትር አካባቢ። እዚያ ያለ ልጅ ይህን ሽፋን ሲያይ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ «የናንተ አየር ለዚህ አልተፈጠረም»። የሚገርመው መጽሐፉ ራሱ ይህን አይልም። ሯጮቹ እንጦጦ ብቻ አይወጡም፤ እንደ አቃቂ ወዳለ ዝቅና ሞቅ ወዳለ ቦታም ለፍጥነት ይወርዳሉ። አየር ለእነሱ ደረጃ የሚሰጠው ነገር አይደለም፤ እንደ ሥራው የሚመረጥ ነው።

ከፍታ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። የረጅም ርቀት ሯጮቻችን በብዛት ከአርሲና ከሸዋ መሆናቸውን ጥናትም አሳይቷል፤ የቆላ ተወላጅ የሆኑ ዝነኛ ሯጮችም ለልምምድ ወደ ደጋ ይወጣሉ። ነገር ግን ታሪኩን በከፍታ ብቻ የሚተርክ ሰው ጎረቤቱን መዝለል አለበት። አህመድ ሳላህ የጂቡቲ ሰው ነው፤ በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን ነሐስ አገኘ። አብዲ ቢሌ ከሶማሊያ ነው፤ በ1987 ሮም ላይ በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በነሐሴ 2021 ሳፖሮ ላይ የሆነውን ማንሣት ይገባል። ሙቀትን ለመሸሽ ከቶኪዮ ወደዚያ የተወሰደው የኦሊምፒክ ማራቶን መጨረሻው ላይ፣ ለሆላንድ የሚሮጠው አብዲ ናጌዬ ወደ ኋላ እየዞረ ለቤልጂግ የሚሮጠውን በሺር አብዲን በእጁ «ና! ና!» ይለው ነበር። ሁለቱም የሞቃዲሾ ልጆች ናቸው። አንዱ ብር፣ አንዱ ነሐስ አገኙ። ይህን ሩጫ በመጨረሻው ዙር ቋንቋ ንገረኝ ብትሉኝ አልችልም። እየሮጠ ሰው የሚጠብቅ ሰው በዚያ ቋንቋ ውስጥ የለም።

ቆላው ግን ለዚህ የሚሆን ልምድ አለው። የቦረናን የቱላ ጉድጓዶች ያየ ያውቃል፤ ከብት ለማጠጣት ወንዶቹ ከሥር እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን እጅ ለእጅ ያወጡታል። ዜማው ጌጥ አይደለም፤ ክንድ ሲዝል ልክ የሚያስጠብቀው እሱ ነው። ክራውሊ ጫካ ውስጥ ያገኘው ነገር፣ ማለት ድካምን ከፋፍሎ መሸከም፣ እዚህ ሥራ ሆኖ የኖረ ነው። ስለ ጽናታችን የሚጽፍ ሰው ጽናትን በአየር ውስጥ ብቻ ሲፈልግ እዚህ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አይደርስም።

ሌላው መንገድ ነው። ሩጫ ከጫማም በፊት ነፃ መንገድ ይፈልጋል። ነገሌና ሞያሌ ጉጂው፣ ቦረናው፣ ገብራው፣ ሶማሌው የሚገናኙባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ መንገድ የሚዘጋበትን፣ ሰው ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ ማዶ የማይሻገርበትን ጊዜም ያውቃሉ። በዚህ አገር ጠዋት ብቻውን የሚሮጥ ወጣት «ማን አባረረህ?» ቢባል ቀልድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ኬንያዊቷ ቴግላ ሎሩፔ በ2003 ፋውንዴሽን አቋቁማ፣ ከብት በመዘራረፍ የተጋደሉ አርብቶ አደሮችን ካፔንጉሪያን በመሰሉ ቦታዎች በሰላም ሩጫ አንድ ላይ ማስሮጥ ስትጀምር ይህን ተረድታ ይመስለኛል። እዚያ አንደኛ የወጣው ማነው የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ማን ከማን ጎን ሮጠ ነው።

የታላቁ ሩጫም ውበት ይኸው ነው። ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ 10 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ፊት ያሉት ይወዳደራሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይጨፍራል፣ ይራመዳል፣ ውኃ ይረጫል፣ ጓደኛውን ይጠብቃል። በማግስቱ የምናነበው ግን የፊቶቹን ሰዓት ነው። ሐዋሳ ላይ ግማሽ ማራቶን ሲሮጥም ዜናው ያው ነው። አራት ሺኛ የገባችው ሴት 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንዳሰበች የጻፈ የለም፤ እሷም አልጻፈችም፤ ይጻፋል ብላ የሚያስተምራት ጽሑፍ አላገኘችምና።

ከላይ የጠቀስኳቸው መጻሕፍትና ፊልሞች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ሥራ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የአበበን ልጅ የጽጌ አበበን መጽሐፍ ጨምሮ፣ ስለ ሯጮቻችን በስፋት የተነበበው በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነው። ይህ የቋንቋ ኩራት ጉዳይ አይደለም። ክራውሊ ስለ እኛ በደንብ ጽፏል። ነገር ግን የውጭ ሰው የሚመጣው አሸናፊውን ለማስረዳት ነው፤ «ለምን እነሱ ያሸንፋሉ?» ብሎ ነው ትኬት የሚቆርጠው። የማያሸንፈውን ሯጭ መጻፍ የኛ ሥራ ነው፤ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም።

ጽሑፉ ሲመጣ እንዴት እናውቀዋለን? ውኃው የት እንደነበረና ማን እንደያዘው ይነግረናል። መንገዱ የማን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ እንደከበደች፣ ከጎን የሚሮጠው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ይነግረናል። ምናልባት ጸሐፊው ስንተኛ እንደገባ እንኳ አያስታውስም። እኔ ግን ያን ጽሑፍ ከነገሌ፣ ከያቤሎ ወይም ከሞያሌ የጻፈውን ሰው ለማንበብ ከፊት ተራ ተሰልፌ እጠብቃለሁ።