ከቆዳና ከአጥንት መካከል

መተማ ውስጥ ያለው ገንዳ ውሃ ስለ መርፌ የሚነገረው አዲስ የማይሆንበት ከተማ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ቆላ ወርደው ካላዛር የተባለው በሽታ የያዛቸው የቀን ሠራተኞች ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲደርሱ፣ የበሽታው ተሕዋስ መኖሩን ለማረጋገጥ ከጣፊያቸው በመርፌ ናሙና የሚወሰድበት ጊዜ አለ። መርፌው ጣፊያ ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። በገባበት መስመር ይወጣል፤ እጅ ወደ ጎን ትንሽ ካዘነበለ ጣፊያው ሊቀደድና በሽተኛው ወደ ውስጥ ሊደማ ይችላል። እዚያ ጥበቡ ፍጥነት ነው። እኔ የማነሳው ግን ሌላውን፣ ገብቶ የሚተኛውን፣ ሐኪሙ ጊዜ ወስዶ የሚሠራውን የራስ ቅል አኩፓንክቸር ነው።

አኩፓንክቸር፣ የቻይናው የመርፌ ሕክምና፣ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሐኪሞች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ስትልክ ቆይታለች፤ ሐኪሞቹን የምትመድበው የሄናን ግዛት ናት። አቃቂ ቃሊቲ ባለው፣ በሯጯ በጥሩነሽ ዲባባ ስም በተሰየመው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አኩፓንክቸር ይሰጣሉ። የራስ ቅሉ ዘዴ ግን በዚህ ጥንታዊ ሙያ ውስጥ ገና ወጣት ነው። የሻንሺው ሐኪም ጂያኦ ሹንፋ መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የጥንቱን መርፌ ይዞ አዲሱን የአንጎል ካርታ ተከተለ። ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ አልታዘዝ ያለው፣ ፓርኪንሰን እጁን የሚያንቀጠቅጠው፣ ንግግር የጠፋበት ሰው ወደዚህ መርፌ ይመጣል።

ሥራው ከልኬት ይጀምራል። ከሁለቱ ቅንድቦች መካከል ተነስቶ በአናት በኩል እስከ ራስ ቅል የኋላ ጉብታ የሚደርስ መስመር ይታሰባል። እኩሌታው ይፈለግና ከዚያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይኬዳል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ! ከዚህች ነጥብ ተነስቶ ከጆሮ ፊት ለፊት እስካለው የፀጉር ጠርዝ በሰያፍ የሚወርደው መስመር፣ እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ያለበትን ቦታ ከላይ ሆኖ ያመለክታል። የላይኛው አንድ አምስተኛ የእግርና የወገብ ነው፤ የመካከለኛው ሁለት አምስተኛ የእጅ፣ የታችኛው ሁለት አምስተኛ የፊት። ሰው በገዛ አናቱ ላይ ተዘቅዝቆ ተስሏል፤ እግሩ ላይ፣ ፊቱ ታች። በዚያ ላይ ጎኑ ይሻገራል፤ ቀኝ እጁ ለሰነፈ ሰው የሚወጋው የአናቱ ግራ ጎን ነው። ከመስመሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ የስሜት፣ ያንኑ ያህል ወደ ፊት የመንቀጥቀጥ መስመር አለ። በልኬት የተሳሳተ ሐኪም የታካሚውን እጅ ሊያክም የፊቱን ቦታ ይወጋል።

ቀጥሎ የጣቶቹ ሥራ ይመጣል፤ እኔን አፌን የሚያስከፍተኝም ይህ ነው። መርፌው እንደ ክትባት ቀጥ ብሎ አይገባም። ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የሚገባው። የራስ ቆዳ አምስት ድርብ አለው፦ ላይኛው ቆዳ፣ ከሥሩ ደም ሥር የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ሽፋን፣ ጅማት መሰሉ ጠንካራ ሽፋን፣ ልል የሆነው ድር፣ በመጨረሻም አጥንቱን የለበሰው ስስ ሽፋን። መርፌው መተኛት ያለበት አራተኛው ላይ ነው። ቀድሞ ከቆመ ያማል፣ ይገትራል፤ ካለፈ አጥንቱን ይነካል። በግ የገፈፈ ሰው ይህን ቦታ ያውቀዋል፤ ቢላውን አስቀምጦ ጡጫውን በቆዳውና በሥጋው መካከል ሲሰድ፣ እምቢ ሲል የነበረው ድንገት እሺ ይላል። ሐኪሙ ያንን እሺታ የሚሰማው በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነው። ዓይኑ አይረዳውም፤ ቦታው ከቆዳ ሥር ነው። እሺ ሲለው መርፌውን ከአጥንቱ ጋር አስተካክሎ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል። እምቢ ካለው ወይም ታካሚውን ካመመው አይታገልም፤ መለስ አድርጎ አቅጣጫ ይቀይራል።

ከዚያ ማሽከርከር ነው። በጂያኦ አሠራር መርፌው በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ ወደ ውስጥ አይገባ፣ ወደ ውጭ አይወጣ። ትከሻና ክንድ ዝም ይላሉ፤ የሚሠራው የሌባ ጣት አንጓ ነው፣ ያለማቋረጥ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ። በእስክሪብቶ ሞክሩት፤ ሳይዛነፍ ግማሽ ደቂቃ የሚዘልቅ ጎበዝ ነው። ብዙ ሐኪሞች በዚሁ መካከል ታካሚው የሰነፈውን እጁን እንዲያነሳ፣ ጣቱን እንዲያጥፍ ያዙታል።

ይፈውሳል ወይ ለሚለው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2016 ከስትሮክ በኋላ የሚሰጥ አኩፓንክቸርን የሚመለከቱ ሙከራዎችን መርምሮ ነበር። ሊጠቅም እንደሚችል የሚጠቁም ነገር አገኘ፤ የጥናቶቹ ጥራት ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ቁርጥ ያለ ቃል አልሰጠም። ስለዚህ ገንዳ ውሃ ላይ አፉ ለተጣመመ፣ እጁ ለዛለ ሰው የመጀመሪያው ጉዳይ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ ነው። መርፌው ኋላ ከፊዚዮቴራፒ ጎን ቢመጣ እደግፋለሁ፤ በፊዚዮቴራፒ ቦታ ሲመጣ ግን እቃወማለሁ። ማስረጃው ገና መሆኑ የሐኪሙን እጅ ጥራት በዓይኔ አያሳንሰውም።

አወጣጡም ሙያ አለው። የራስ ቆዳ ከትንሽ ቀዳዳ ብዙ ይደማል፤ መርፌው እንደወጣ በደረቅ ጥጥ ተጭኖ ይያዛል። የገባውና የወጣው መርፌ ቁጥሩ ይመሳከራል፤ እንደኛ ባለ ጥቅጥቅ ፀጉር ውስጥ ቀጭን መርፌ መቅረቱ ቀላል ነውና። ጠንቃቃ ሐኪም ቁጥሩ ቢሞላለትም ፀጉሩን በጣቱ እየከፈለ ይፈትሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው ታካሚውን ተነስ የሚለው።