የሙሽሪት ጥለት

ጥሩ የሙሽራ ቀሚስ መለየት የፈለገ ሰው ጥለቱን ገልብጦ ይየው። የፊቱ ውበት ለሁሉም ዓይን የተዘጋጀ ነው፤ የሠሪው ጥንቃቄ የሚነበበው ከጀርባው ነው። ልጃቸውን ለመዳር ወደ መርካቶ ሸማ ተራ የሚመጡ እናቶች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ቀሚሱ ከተሰቀለበት እንደወረደ እጃቸው ወደ ጠርዙ ይሄዳል። ገለጥ ያደርጉታል፣ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፣ ወደ በሩ ወጣ ብለው በፀሐይ ያዩታል። ባለሱቁ «እናቴ፣ የእጅ ሥራ ነው እኮ!» ቢልም አይቸኩሉም፤ ዓይናቸው እስኪያምን ይጠብቃሉ።

እዚህ ከሚገዙት የሙሽራ ቀሚሶች ጥቂት የማይባሉት የሚለበሱት ባሕር ማዶ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶ፣ ስቶክሆልም፤ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩበት ከተማ ሁሉ ሠርግ ሁለት ልብስ ይጠይቃል። በሠርጉ ዕለት ብዙዎቹ ሙሽሮች ነጭ ቬሎ ይለብሳሉ። መልሱ ግን የሐበሻ ቀሚስና የካባ ቀን ነው፤ ጓደኞች ከየከተማው፣ አክስትና አጎት ከአዲስ አበባ መጥተው በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት፣ ድፎ ዳቦ የሚቆረስበት። ለዚያ ቀን የሚሆነው ልኬት በስልክ ይመጣል፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ መሬት፣ የምታደርገው ጫማ ተረከዝ ሳይቀር። ሙሽራዋ ለመለካት አትመጣም። ልብስ ሰፊው አይቷት የማያውቃትን ሴት ቁመና ከቁጥር ብቻ ማወቅ አለበት። ርቀቱ የማረሚያ ጊዜ ስለማይሰጠው ልኩ ከመጀመሪያው ልክ መሆን ይኖርበታል። እኔ የዚህን ሙያ ታላቅነት ከሁሉ በላይ የማየው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ግን ከሰፊው በፊት፣ ከጥጡ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፣ ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል ይሆናል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ድር ተወጥሮ ስለሚቆምና በየምቱ ስለሚታሽ እኩል የተገመደ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። ማግ ልስላሴውን ያመጣል። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነጩ ጨርቅ ላይ ስስ ሞገድ የሚታየው፣ ሙሽራዋም ስትራመድ ቀሚሱ ሳይደርቅ አብሯት የሚሄደው በዚህ ነው። ይበልጥ አንጸባራቂ የሚወዱ ሌላ ዓይነት ክር ይመርጣሉ፤ እጁ የለመደ ሰው ግን ፈትልን በመዳሰስ ብቻ ይለየዋል።

ፈትሉ ከዚህ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማ የሚሸጥበት ተራ መርካቶ ይሁን እንጂ ሸማኔዎቹ በብዛት ያሉት በእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። በጋሞ ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ልጅም ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሙያውን ይወርሳል።

ሸማኔው ከሽመና ዕቃው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን ገመዶች በእግሩ ጣቶች ይዞ ይረግጣል። ነጩን ጨርቅ ሲሠራ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሳያቋርጥ ይመላለሳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ያ ፍጥነት ይቆማል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ የቀለሙን ክር በቦታው ብቻ ያስገባል፣ ማጉን ወርውሮ ወደ ራሱ ስቦ ይመታዋል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ክር ቢስት በጥለቱ ላይ ያለው መስቀል አንድ ክንዱ ከሌላው ይረዝማል፤ ስህተቱም ቀጥሎ ያለውን ረድፍ ሁሉ ይከተላል። ስለዚህ ነው እናቶቹ ጀርባውን የሚያዩት። በሽመና የገባ ቀለም ከማጉ ጋር አብሮ የተኛ በመሆኑ፣ ክሩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረበት መንገድ ይታያል፤ መሻገሪያው አጭርና እኩል ከሆነ ሸማኔው አልቸኮለም። የማሽን ጥልፍ ከሆነ ግን ከኋላው የማጠንከሪያ ጨርቅና ከታች የመጣ ሌላ ክር ይገኛል።

ሸማው ከሸማኔው ሲወጣ ገና ቀሚስ አይደለም። የእጅ ሽመና ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ቀሚሱ ከተለያዩ ቁራጮች ይገጣጠማል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከአንገት እስከ እግር የሚወርደው ጥለት በመሐል በትክክል መቆም አለበት፤ ጣት ያህል ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል ቀሚሱ ሁሉ የተጣመመ ይመስላል። የዘርፉ ዙሪያ ጥለት ደግሞ በጎን ስፌት ላይ መስመር ከመስመር፣ ቀለም ከቀለም መግጠም አለበት። ጥለቱ ወፍራም፣ ነጩ ጨርቅ ስስ በመሆኑ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይወድቁም፤ ጥሩ ሰፊ ይህን አስቦ ገበር ያስገባል፣ ስፌቱንም ሳይወጥር ይተወዋል። በውስጥ በኩል፣ ማንም በማያይበት፣ በጎንና በጎን ትርፍ ጨርቅ ያስቀራል። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ የሚኖር ሌላ ሰፊ ቢያስፈልግ እንዲያሰፋው ነው። ይህች የተሰወረች ትርፍ ላልታየችው ሙሽራ የተሰጠች ደግነት ናት።

ካባው ሌላ እጅ ይጠይቃል። በተክሊል ከአክሊል ጋር፣ በመልስም ከቀሚሱ በላይ የሚደረበው የከፋይ ካባ በወርቅማ ክር ይጠለፋል። ከፋይ ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን የሚተኛ ጨርቅ ነው፤ ቁራጮቹ በተለያየ አቅጣጫ ቢቆረጡ አንዱ ትከሻ ከሌላው የጠቆረ ይመስላል። ያማረ ካባ በአዳራሽ መብራት ስር ሁለቱም ትከሻ አንድ ቀለም ሆኖ ይታያል፤ ጥልፉም ጨርቁን ሳይሸበሽበው ይቀመጣል።

ሙሽራዋ ብቻዋን አትለብስም። እናት፣ አማት፣ እህቶችና ሚዜዎች ከእሷ ጥለት የተወሰደ ቀለም ይለብሳሉ፤ የሙሽራው ልብስ ጠርዝም ያንኑ ያስተጋባል። የመለያየቱ ልክ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፦ የሙሽራዋ ጥለት ሰፊና ሙሉ፣ የእናቶቹ ጠበብ ያለ፣ የሚዜዎቹ ከዚያም ቀለል ያለ። ከተለያየ አገር የመጡ ዘመዶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ማን የማን እንደሆነ ከጥለታቸው ይታወቃል። አንዲት ሚዜ ሎንደን፣ ሌላዋ ዳላስ ሆነው ያዘዙት ልብስ እንዲህ የሚገጥመው ሸማኔው ለሁሉም አንድ ዓይነት ክር ይዞ አንድ ዓይነት ቆጠራ ስለቆጠረ ነው።

በመርካቶ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅም ይሸጣል፤ ርካሽ ነው፣ ለዘወትርም ይሆናል። ሁለቱን ሳይለዩ አንድ ዋጋ መጠበቅ ግን ሸማኔውን ከሙያው ማስወጣት ነው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት ያነሳሳት የአገሯ ሸማኔዎች ገበያ ማጣት ነበር። ሥራቸው በዓለም ገበያ ክብር እንደሚያገኝ እዚያ ታይቷል፤ እያንዳንዱ ሠርግም በአቅሙ ያንን ክብር መስጠት ይችላል።

ስለዚህ ከውጭ ለምታዝዙ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ጊዜ ስጡት። ጥለት የሚበላሸው በችኮላ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይድረስልኝ የተባለ ሸማኔ ቆጠራውን ያሳጥራል፣ ሰፊውም ትርፍ ጨርቁን ይረሳል። ቀኑ ሲቆረጥ፣ አዳራሹ ከመያዙ በፊት፣ ጥለቱ ይታዘዝ። ዋጋውን ስትጠይቁም ስንት ቀን እንደሚፈጅና ማን እንደሚሸምነው አብራችሁ ጠይቁ፤ ለዚያ ሰው የሚደርሰውን ድርሻ አትከራከሩበት።