የሽማግሌ አእምሮ በምን ይመዘናል? ስለ ሁለት መጠይቆች የቀረበ ሒስ

ማናቸውም ሚዛን ሌላውን ከመመዘኑ በፊት ራሱ መመዘን ይገባዋል። በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ዘንድ የመርሳት በሽታና የመንፈስ ጭንቀት ምን ያህል እንደሚገኝ ለማወቅ የሚነሣ ተማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ አስተርጉሞ ይወጣል፤ ሲመለስም «ከመቶው ይህን ያህሉ ሕመምተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩን የወለደውን መጠይቅ ነው። ለማመሳከሪያም በደቡብ ወሎ የሚገኙትን ሐይቅንና አምባሰልን መርጠናል፤ በዚያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ፊደል ሳይቆጥሩ በእርሻ ያረጁትም ብዙዎች ናቸው።

በመጀመሪያ «ሚኒ ሜንታል» የተባለውን እንመልከት። ይህን መጠይቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ፎልስቲንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አወጡት። ዋጋው 30 ነጥብ ሲሆን፣ ከ24 በታች ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ በመርሳት በሽታ ይጠረጠራል። አጭርና ለሐኪም የሚመች መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ነጥቡን እንቁጠር። የተጻፈ ትእዛዝ አንብቦ መፈጸም 1፣ ዐረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ ሥዕል አይቶ መቅዳት 1፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድ ወይም የአንድን ቃል ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር 5 ነጥብ አላቸው። እነዚህ 8 ነጥቦች የትምህርት ቤት ልማድ የሚሰጣቸው ናቸው። እንግዲህ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ አንድ የአምባሰል እናት የቀረውን ሁሉ አንድ ሳይስቱ ቢመልሱ 22 ያገኛሉ። አእምሯቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ መዝገቡ ሕሙም ይላቸዋል።

ትርጉሙም ችግሩን አያቃልለውም። በእንግሊዝኛ ለ5 ነጥብ የተመረጠው ቃል አምስት ፊደል አለው፤ «ዓለም» ተብሎ ሲተረጐም ግን ሦስት ፊደል ብቻ ይሆናል። መጠይቁ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳሉም ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ በሣር ክዳን ወይም በቆርቆሮ ቤት ለሚኖር ሰው ምን ትርጉም አለው? ወሩንና ቀኑን ሲጠይቅም፣ አንዱ በበዓላት፣ ሌላው በሒጅራ ወራት እንደሚቈጥር አያስብም።

ሁለተኛው፣ ለአረጋውያን የመንፈስ ጭንቀት ተብሎ የተዘጋጀውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በሼክና በየሳቬጅ ወደ 15 ጥያቄዎች ያጠረው ሚዛን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ነጥብ ጀምሮ ጥርጣሬ ይነሣል። አንድ ሽማግሌ በሬውንና መሬቱን ለልጆቹ ለቆ ከቤት መዋልን ቢመርጥ፣ ጉልበቴ ደክሟል ቢል፣ ከእኔ የተሻለ የሚኖር ብዙ ነው ቢል፣ መርሳትም አብዝቻለሁ ቢል፣ 5 ነጥብ ሞላበት። ሰውየው ግን በአገሩ ደንብ ዕድሜው የሚጠይቀውን የፈጸመ ሊሆን ይችላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት አገር ከዓለም ሥራ መለየት እንደ ክብር የሚታይ እንጂ የበሽታ ምልክት ብቻ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ በኑሮው ደስተኛ እንደ ሆነ የተጠየቀው እውነተኛ ሕመምተኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል፤ ለባዕድ ማማረር ነውር ነውና። ስለዚህ ሚዛኑ ጤነኛውን ይዞ ሕመምተኛውን ይለቃል። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ለሚለው ሕዝብ በራሱ አነጋገር የቀረበለት ጥያቄ የለም።

የቃል ልዩነት ምን እንደሚያስከትል ለአምባሰል ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያው በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ አድዋ ድረስ አድርሷል። የመጠይቅ ስሕተት ጦር አያማዝዝም፤ ነገር ግን በዝምታ ስለሚሠራ የሚያርመው አይገኝም።

«እንግዲያውስ ቤተ ሰቡ ይጠየቅ» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በናይጄሪያ በኢባዳን የተሠራበት መጠይቅም አረጋዊውንና ዘመዱን ጎን ለጎን ይጠይቃል። ሆኖም ይህም ጥንቃቄ ይሻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የተመሠረተው «10/66» የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበር በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ የሐኪሞች መስፈርት ሲለካ በሕንድ ገጠር የተገኘው የመርሳት በሽታ 0.3 ከመቶ ብቻ ነበር፤ በማኅበሩ በራሱ መስፈርት ግን በተጠኑት አገሮች ሁሉ ከ5 ከመቶ የወረደ የለም። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። አንዱ ምክንያት ቤተ ሰብ የአረጋዊውን ሥራ ሁሉ ስለሚሠራለት ጉድለቱን አለማየቱ ነው። በእኛም አገር «አባትዎ ታመዋል ወይ?» ቢባል መልሱ «ጃጅተው ነው እንጂ ምን ሆኑ» ይሆናል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ሕመም ሳይሆን ሥራ ይጠየቅ፤ ከሐይቅ ገበያ ሲመለሱ መንገድ ይጠፋባቸዋል ወይ? መልስ ገንዘብ መቍጠር አቁመዋል ወይ? የልጅ ልጃቸውን ስም ይለዋውጣሉ ወይ? ዕድሜም በክስተት ይገመት፤ በ1966ቱ የወሎ ረሃብ እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 60 ተጠግቷል ወይም አልፎታል። ነገር ግን ረሃቡን አጥርቶ መተረኩ ብቻ ጤንነቱን አያስረዳም፤ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚወስደው የትናንቱን ነውና። ዐይንና ጆሮ አስቀድመው ይመርመሩ፤ ያልሰማ ሰው እንደ ረሳ እንዳይቈጠር። ጠያቂውም «አንተ» ሳይሆን «አንቱ» ይበል፤ የተደፈረ ሽማግሌ አይመልስም። በመጨረሻም ከተጠረጠሩትም ካልተጠረጠሩትም ጥቂቶቹን ሐኪም በራሱ መንገድ ይያቸው፤ የመጠይቁ ስሕተት የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር መስሎ ለሚታየው ወንድማችን የምንመልሰው አጭር ነው። የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒትና ምክር የሚረዳው ሕመም ሲሆን፣ በአረጋዊ ላይ ግን መርሳት መስሎ ይመጣል፤ እንደ እንቅርት እጢ መድከም ያለውም ሕመም እንዲሁ። «ጃጀ» ተብሎ በጥግ የተቀመጠ ሰው ሊድን ይችል ይሆናል። የተሳሳተ ቁጥር ጤነኛዋን እናት ሕሙም ከማሰኘቱ በላይ የሚያሳዝነው ይህን ሰው ከነሕመሙ ትቶት ማለፉ ነው።